አሁን እርስዎ ይመልሱ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ አንሶላ ብቻ። ሆቴሉ ጢም ብሏል። ካውያ ፊት ቆሜ ዋልኩ፤ እግሬ እንጨት ሆኗል።

አለቃችን ከምሳ በኋላ ብቅ አለች። "እንግዳ መቀበያ ላይ ሰው ሊወሰድ ነው። ከልብስ ክፍልም መወዳደር ይቻላል። ፈተናው ግን በጆሮ ነው፤ እንግሊዝኛ ሰምቶ ወዲያው መመለስ" አለች። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ለምን እኔን? ምላሴ ረጅም ስለሆነ ይሆናላ።

ስመለስ ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ ጋ ጎራ አልኩ። አንድ ሳጥን ካሴት አገኘሁ። "የዕለት ተዕለት ጨዋታ በእንግሊዝኛ፣ በማዳመጥ ለሚማሩ" ይላል። ስለ አየሩ፣ ስለ ቤተሰብ፣ መንገድ ስለ መጠየቅ፣ ስለ ጤና... ዐሥር ትምህርት። "በዚህ ዘመን ካሴት ማን ይሰማል ብለሽ ነው?" አለኝ ሻጩ። የራሱን ዕቃ የሚያጣጥል ነጋዴ ዛሬ አየሁ።

ማጫወቻው አለልኝ። አባዬ ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ሲወጣ የሥራ ጓደኞቹ የሸለሙት ቴፕ።

እሱ እንደተቀመጠ ነው። መስኮቱ አጠገብ፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ። ካመመው ወዲህ አንድም ቃል ከአፉ አልወጣም። ሐኪሙ "መስማቱን ይሰማል" ይላል። ይሰማል? እኔ እንጃ። "አባዬ፣ በስተርጅና ፈተና ልፈተን ነው" አልኩት። ዝም።

ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡሱ ላይ ይዞኝ ይወጣ ነበር። በሩ ጋ ቆሜ በዚያች ቀጭን ድምፄ "ወራጅ አለ!" እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ቀረ፤ "ረዳቴ" ሆንኩ። አገባሁ፣ ረዳቴ። ፈታሁ፣ ረዳቴ። አንድ ጊዜ ብቻ "ረዳቴ" ቢለኝ ሌላ ምንም አልፈልግ። የእንግዳ መቀበያውም ገደል ይግባ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የመጀመሪያው ካሴት። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያወራሉ። ሴትየዋ ድምፅዋ የተተኮሰ ነው፤ አንድ ጭምድድ የለበትም። ሰውየው ጠግቦ የሚያድር ሰው ድምፅ አለው፤ ትንሽ ሻካራ፣ ደስተኛ። "ማይ ዲር" ይላታል በየመሃሉ።

ከዚያ አንድ ሌላ ሰው እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠርጎ በአማርኛ፣ "አሁን እርስዎ ይመልሱ" ይላል። ቀጥሎ ዝምታ። ሽሽሽ የሚል የካሴት ድምፅ ብቻ።

መለስኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለ አየሩ አወራሁ። ለማን? ለሽሽታው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ወንድሜ መጣ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባዬን ጢም ይላጫል። "ሃው አር ዩ፣ ማዳም አንሶላ?" ብሎ ገባ። የአንደኛ ክፍል እንግሊዝኛውን ይዞ ይቀልድብኛል። አባዬን ሲላጭ አንድ ሺህ ወሬ ያወራለታል፤ የደንበኛ፣ የኳስ፣ የኪራይ። መልስ የለም። አያቆምም እሱ እቴ! የአባዬን ምላስ እሱ የወሰደው ነው የሚመስለው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከሥራ ገብቼ ካሴቱን ከፈትኩና ወጥ ቤት ገባሁ። ሴትየዋ "ሃው አር ዩ ቱዴይ?" አለች። ሰውየው መለሰ። ከዚያ ያ ጉሮሮ ጠራጊ፣ "አሁን እርስዎ ይመልሱ።" እኔ አፌን ሳልከፍት ከወዲያ ክፍል መልስ መጣ።

"ኖት ባድ፣ ታንክ ዩ። ኢት ሉክስ ላይክ ሬይን።"

ቢላው ከእጄ ወደቀ። ሮጥኩ። ቤት ውስጥ ያለው አባዬ ብቻ ነው። ዓይኑ ቴፑ ላይ። አፉ ገና አልተዘጋም።

"አባዬ! ተናገርክ እኮ! አባዬ?" ጉንጩን ይዤ ለመንኩት። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ የሱቅ መዝጊያ እንደሚወርድ ፊቱ ተዘጋ። ካሴቱን መልሼ አጫወትኩ። እዚያው ቦታ ላይ፣ በካሴቱ ሰውዬ ሻካራ ድምፅ፣ አባዬ ዝናብ የመጣ ይመስላል አለ።

ውጭ ፀሐይ ነው። አባዬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ተምሮ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሐኪሙ አልገረመውም። እንዲህ ያለ አይቻለሁ አለ። "የመጣለትን አትዝጉበት። በወጣለት ይናገር፤ እናንተም በዚያው መልሱለት።"

እሺ። እመልሳለሁ። በቻይንኛም ቢሆን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ከአባቴ ጋር አወራሁ! ቴፑን ዘግቼ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ። ሴትየዋን መስዬ፣ በእሷ ዜማ ስጠይቀው ይመልሳል። በእኔ ዜማ ከጠየቅኩት ዝም።

ወንድም አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ በእንግሊዝኛ። "አንድ አለኝ፤ ፀጉር አስተካካይ ነው" አልኩት። "ኦ፣ ሃው ናይስ" አለ። ሳቅን። ሁለታችንም ከልባችን ሳቅን። ካመመው ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

አባዬ መንገድ አሳየኝ። ሳልጠይቀው። "ድልድዩ ጋ ወደ ግራ ታጠፊ፤ ፖስታ ቤቱ ከዳቦ ቤቱ ጎን ነው።" ድልድይ? እዚህ አካባቢ ምን ድልድይ አለ? ይህን ከተማ ከጫፍ ጫፍ ሲነዳበት ያረጀ ሰው እኮ ነው። "ዳቦ ቤቱ" ከማለቱ በፊት ትንሽ ሳለ፤ ውሃ ሰጠሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አራተኛውን ካሴት ዛሬ ከፈትኩ። ፕላስቲኩ ገና አልተቀደደም ነበር፤ በጥርሴ ነው የቀደድኩት።

መንገድ ስለ መጠየቅ ነው። ሰውየው "ድልድዩ ጋ ወደ ግራ ታጠፊ" አለ። ከዚያ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ፣ ትንሽ ሳለ።

ዘጋሁት።

አባዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ፈገግ ይላል። ለማን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ለወንድሜ ነገርኩት። ምላጩን እየጠረገ አሰበ፣ አሰበና፣ "ድሮ አውቶቡስ ላይ ሰምቶት ይሆናል። ሹፌር ጆሮው ውስጥ ስንት ነገር ይገባል" አለ። ይሁን። ሳሉንም ሰምቶት ይሆናል።

ከዚያ ጮኸብኝ። "ለምን በአማርኛ አታናግሪውም? ሁለታችሁም ፈረንጅ ሆናችሁብኝ እኮ! ልላጨው ስመጣ ሰው ቤት የገባሁ ነው የሚመስለኝ!"

"በአማርኛ ሳናግረው ይዘጋል።"

"ይዘጋ! አባትሽ ነው፤ ተዘግቶም አባትሽ ነው!"

እሱ ምን አለበት። በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ አውርቶ ይሄዳል። ከዝምታው ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። ደግሞ ፈተናው ደርሷል። ከአባዬ የተሻለ የሚያለማምደኝ ማን አለ? ...ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ? እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ከምሳ በኋላ የጓሮው በር ይከፈት አለ። በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ቋንቋ ቤታችን ውስጥ ከተሰማ ቆየ። "ባለቤቴ አትክልቱ ጋ ናት። አሁን ትመጣለች" አለኝ።

እማዬ ከሞተች ስንት ዓመቷ።

ጓሮ ያለው የልብስ ገመድና የተሰበረ ወንበር ነው። አትክልት የሚባል ነገር በቅሎበት አያውቅም። ጎረቤታችን ትልቋ ሴትዮ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በሩ ጋ ቆማ ሰማችው። "ምን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አማተበችና "ልጄ፣ ወንፊቱ ይቅርብኝ" ብላ ተመለሰች።

በሩን ከፈትኩለት። ብርዱ ገባ። እሱ ያያል፤ እኔም ከኋላው ቆሜ አየሁ። ጠበቅኩ ማለት ነው። ምን ልጠብቅ?

የገመዱ ልብስ ተነቃነቀ። ነፋስ ነው። ነፋስ ነው አልኩ።

ዛሬ ትምህርት ስድስት ላይ ነኝ። ባለቤቴ አትክልቱ ጋ ናት የሚለው ትምህርት ሰባት ላይ ነው። ሄጄ ሰማሁት። ስሰማው አልደነገጥኩም፤ ይኼ ነው ያስደነገጠኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

አለፍኩ!

ሦስት ሆነው ነው የፈተኑኝ። እየጠየቁኝ ነበር፤ አፌ ራሱ ይመልሳል። ሳላስብ። ስጨርስ አንደኛው "የት ነው የተማርሽው? የድሮ ሬዲዮ ላይ የምትናገር ሴት ነው የምትመስይው" አለኝ። ሳቁ። አብሬ ሳቅኩ። ሳቄም እንደ እሷ ነበር፤ አጭር፣ ሁለት ጊዜ "ሃ ሃ"። እኔ እንዲህ ነው የምስቀው?

ለአባዬ ነገርኩት። "ኮንግራቹሌሽንስ፣ ማይ ዲር" አለ። እጄን መታ መታ አደረገ።

ማይ ዲር። ካሴቱ ላይ ሰውየው ያቺን ሴት እንዲህ ነው የሚላት። ልጁን አይደለም። ልጅ የላቸውም እነሱ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

አዲሱ ሥራ ደህና ነው። መቆም እዚህም አለ፤ ላብ ግን የለም። ቀኑን ሙሉ "ጉድ ሞርኒንግ"። ቤት ገብቼም "ጉድ ኢቭኒንግ"። ዛሬ ታክሲ ላይ ሒሳብ ስከፍል አማርኛው ጠፋኝ። ለትንሽ ጊዜ ነው... ግን ጠፋኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ጠዋት ስነሳ አባዬ ጫማውን አድርጎ በሩ ጋ ተቀምጧል። ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ። ኮቱን ደርቦ።

"አብሬያችሁ ብቆይ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን መሄድ አለብኝ" አለ። ያው በዚያ ቋንቋ። ያው በዚያ የጠገበ ድምፅ።

"ወዴት?"

"ሆም።"

የካሴቱን ሳጥን አገላብጬ አየሁ። የመጨረሻው፣ ዐሥረኛው ትምህርት፦ "ስንብት።" እኔ ገና ዘጠነኛው ላይ ነኝ።

ወንድሜ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ እግሩን አጠበለት። ዛሬ አልቀለደም። "አባዬ፣ ቤትህ ነው እኮ ያለኸው" አለው። አባዬ ትህትና በሞላው ፊት አየው። ፀጉር አስተካካዩን እንደሚያይ ደንበኛ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ዐሥረኛውን ካሴት ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ሥር ደበቅኩት። ሞኝነት ነው። አባዬ ካሴቱን መች ፈለገው? ቀድሞት ነው የሚሄደው።

ምግብም አቆመ። ማንኪያውን ሳቀርብለት "በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ፤ ግሩም ነበር" ይላል። ባዶ ሆዱን። ፊቱ ሁለት ቀን ሳይሞላው ከሳ።

በየቀኑ አንድ አረፍተ ነገር ይጨምራል። ስለ መስተንግዶዬ አመሰገነኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ አለኝ። እጄን ጨበጠ። የትምህርቱ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ሲጨርስ ምን ይሆናል? ፈራሁ። አባቴ ሊሞት ነው፤ በሰው ቃል ተሰናብቶኝ ሊሞት ነው። ረዳቴ ሳይለኝ!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ወንድሜ አባዬን እየላጨ ከመሬት ተነስቶ፣ "ቴፑን ብቻ ነው አይደል የሚሰማው? ታዲያ ቴፑ አማርኛ ይናገራ!" አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ተነሳሁ።

ዐሥረኛውን ካሴት አወረድኩ። ካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችው የመቅጃ ጥርስ ተሰብራለች፤ እንዲህ ያለው ላይ መቅዳት አይቻልም። ቀዳዳውን በፕላስተር ትሸፍኚዋለሽ፤ እሺ ይላል። ይህን ያስተማረኝ አባዬ ራሱ ነው፤ ልጅ ሆኜ።

ሸፈንኩት። ወጥ ቤት ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩ። ስንብቱ ላይ።

"አባዬ፣ እንዴት አደርክ?" አልኩ። ድምፄ... የመጀመሪያውን እንደ ሴትየዋ አልኩት። መለስኩና አጠፋሁ። በራሴ ድምፅ ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ሁለት ቀን አጫወትኩለት። ምንም። ጫማውን ብቻ ያያል።

ዛሬ ገባኝ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ የዚያን ጉሮሮ ጠራጊ ቃል ጨመርኩበት። ራሴ አልኩት።

"አባዬ፣ እንዴት አደርክ? አሁን እርስዎ ይመልሱ።"

ሽሽሽ...

"ደህና አደርኩ፣ ረዳቴ።"

ጌታዬ! የእሱ ድምፅ! ያ ሻካራው የሰውየው አይደለም፤ የአባዬ፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚለው። ምራቁን ዋጠና ቀጠለ። "የት ከረምሽ? ስጠራሽ አትሰሚም? አውቶቡሱ ሞልቷል እኮ።"

መሬት ላይ ተንበርክኬ እጁን ያዝኩ። "አለሁ አባዬ! እኔ ነኝ! እኔ ረዳትህ!"

ወደ እኔ ዞረ። ያ የእንግዳ ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ።

"አይ ቤግ ዩር ፓርደን?" አለኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ሁሉን ሞከርኩ። ፊት ለፊቱ ቆሜ "አሁን እርስዎ ይመልሱ" አልኩት፤ በአማርኛ፣ በራሴ ድምፅ። አይሰማኝም። አፌ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ የማያውቀው ቋንቋ እንደሰማ ሰው በትዕግስት ይጠብቃል። ጮህኩ። ደነገጠ። ይቅርታ ጠየቅኩት... በእንግሊዝኛ። ወዲያው "ኖት አት ኦል" አለኝ።

ግን በላ። ቴፑ ውስጥ ያለሁት እኔ "አባዬ፣ ብላልኝ በሞቴ" ስለው በላ። ማንኪያውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አመሰገነኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ጫማውን አውልቋል። ኮቱ ምስማሩ ላይ ነው። ስለ መሄድ አንድም ቃል የለም።

ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ወጥ ቤት ቆሜ እቀዳለሁ። ችግሩ እሱም ይጠይቃል። "ወንድምሽ ደህና ነው?" ይላል፤ ቴፑ ግን ወደ ሌላ ወሬ አልፏል። መልስ ሲያጣ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ነገ ምን እንደሚጠይቅ ዛሬ መገመት አለብኝ። ጥያቄው ሳይመጣ መልሱን መቅዳት። አንዳንዴ ልክ ይመጣል፤ ቃል በቃል። ትናንት እሱ ጥያቄውን እንደጨረሰ "አይዞህ፣ የዝናብ ኮቴን ይዣለሁ" የሚለው ድምፄ ወጣ፤ የጠየቀው ደግሞ ኮት ይዘሻል ወይ ብሎ ነበር። ከየት አውቄው እንደቀዳሁት እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ወንድሜም ካሴት ሊቀዳ ነው። አሁን ይላጨዋል ዝም ብሎ፤ ወሬውን ቴፑ ያወራል። እንዲህ ተቀምጠን ብታዩን... ማን ያየናል።

ዛሬ አባዬ ለቴፑ ሲነግረው ሰማሁ። "እዚህ ቤት አንዲት ሴትዮ አለች፣ ረዳቴ። ደግ ናት፤ እግዜር ይስጣት። ታበላኛለች፣ ታጥበኛለች። ምን ያደርጋል፣ ቋንቋ አንግባባም። አማርኛ አትችልም ምስኪን።"

ወንድሜ ምላጩን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ሥራ ላይ ደህና ዋልኩ። አንዲት እንግዳ ድምፅሽን የት ነው የማውቀው አለችኝ። ሳቅኩ፤ ሃ ሃ።

ቤት ስገባ አባዬ ፀጉሩን አበጥሮ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ላይ ቆልፎ ጠበቀኝ። ቴፑን ከፍቶ ጠረጴዛው መሃል አድርጎታል። ከተቀመጠበት ለመነሳት ሞከረ፤ ደግፌ አነሳሁት። በዚያ በማውቀው እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እያሳመረ፣ "ሁልጊዜ እንደ ነገርኩዎት፣ ከልጄ ጋር ላስተዋውቅዎት" አለኝ። እጁን ወደ ቴፑ ዘረጋ። ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት... እኔን አውቶቡሱ በር ላይ አቁሞ ለተሳፋሪው ሲያሳይ የነበረው ፊት ነው። ያው ራሱ።

ምን ልበል?

"ናይስ ቱ ሚት ዩ" አልኩ፤ ለቴፑ።

ካሴቱ ሽሽሽ አለ። ከዚያ ጠዋት ወጥ ቤት ቆሜ የቀዳሁት ድምፄ መጣ። "አባዬ፣ እኔ ነኝ። የትም አልሄድኩም። አሁን እርስዎ ይመልሱ።"

"አባዬ" ልል አፌን ከፈትኩ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድል ለመነኝ። ልጁ እያናገረችው ነው።